ከጀርባው ውሃ ሊቀዱለት ሲሉ እምቢ እንዳትዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ወንድምሽ የኤችአይቪ ቫይረስ በደሙ አለ፣ ራሱን ካመመው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አባታችሁም በዚሁ ሰበብ ጭንቅላቱን ታሞ ነው ያረፈው። «በዘራችን ይሆን? ደሙ ለጂን ምርመራ ውጭ አገር ይላክ?» ነው ያልሽው። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ወንድም ጋሼን በዚሁ ሕመም አስታምሜዋለሁ።

1ኛ፦ ለጂን ምርመራ ብለሽ ከብት እንዳትሸጪ። ዘር የለበትም አልልሽም። ነጭ የደም ሴሎቻችን ጠላትን የሚለዩት ኤችኤልኤ በሚባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው፤ እነሱም ከሰው ሰው ይለያያሉ። ቫይረሱ ቶሎ በማይጥላቸው ሰዎች ላይ ኤችኤልኤ ቢ57 የሚባለው ዓይነት በርከት ብሎ ይገኛል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ቶክሶፕላዝማ (ቶክሶ) የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ አንጎላቸውን ባጠቃቸው የኤድስ ሕሙማን ላይ ኤችኤልኤ ዲኪው3 በዝቶ አግኝቷል። ግን ይህን ሁሉ ብታውቂ ሐኪሙ ነገ የሚያዝለት መድኃኒት አይለወጥም። አሁን ማወቅ ያለብሽ ሲዲ ፎሩን፣ ማለትም ቫይረሱ የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሴሎች ቁጥር ስንት እንደሆነ ነው። ከ200 ከወረደ፣ ይልቁንም ከ100 በታች ከሆነ፣ አንጎልን የሚያጠቃውን ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ በደም ምርመራ እንዲያዩለት አጥብቀሽ ጠይቂ።

2ኛ፦ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ካሉሽ ዝም ብለሽ አትመለሺ። ወንድም ጋሼ ጸበል ገብቶ ኪኒኑን ሰባት ወር አቋርጦ ነበር፣ እኛ አላወቅንም። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ዛሬም ይጠመቃል፣ ኪኒኑንም ይውጣል። ራሱን ሲያመው ምች ነው ብለን ዳማከሴ አሽተን ሰጠነው። ከዚያ አንድ የግል ክሊኒክ ሁለት ጊዜ የታይፎይድ መድኃኒት ሰጥቶ ሰደደን። ቫይረሱ እንዳለበት እኛም ደበቅን። አፍረን ነው። በኋላ ማስመለስ ጀመረ፣ ብርሃን ጠላ። አንድ ጠዋት እኔን በሞተው አጎታችን ስም ጠራኝ።

ደብረ ብርሃን ይዘነው ሄድን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ሪፈሩን ገለበጠችና «ማኅተም የለውም» አለች። ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢ ተከናንቦ ያቃስታል፣ እኔ ለአንድ ማኅተም 60 ኪሎ ሜትር በጣርማ በር ጉም ውስጥ ተመለስኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ወረቀቱን ከጤና ጣቢያው ሳትወጪ እዪው።

3ኛው ግን የራሴ ጥፋት ነው። ሐኪሟ ከጀርባው ፈሳሽ ይወሰድ አለች። አክስቶቼ «ከጀርባው ውሃ የተቀዳ ሰው ሽባ ይሆናል» ብለው ጮኹ። ፈራሚው እኔ ነበርኩ፣ እምቢ አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ! በሦስተኛው ቀን ሲንቀጠቀጥ ፈረምኩ። መርፌው የሚገባው እኮ የአከርካሪው ነርቭ ገመድ ካለቀበት በታች ነው። ይህን ያወቅኩት ሐኪሟ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ስላ ስታሳየኝ ነው። ፈሳሹ ጠብ ጠብ ይላል ስል እየተስፈነጠረ ወጣ። ያ ክሪፕቶኮከስ ያልኩሽ ፈንገስ የጭንቅላቱን ግፊት ከፍ አድርጎት ነበር። የዚያኑ ማታ ዓይኑን ገለጠና «አብሽ፣ ውሃ» አለኝ። በስሜ። ከዚያ በኋላም ግፊቱን ለመቀነስ ደጋግመው ቀዱለት። ግራ ዓይኑ ግን እስከዛሬ በደንብ አያይም። እነዚያን ሁለት ቀናት አልረሳቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የቫይረሱን ኪኒን ዛሬውኑ አስጀምሩት ብዬ ሐኪሟን ተጣልቻት ነበር። እሷ ልክ ነበረች። በዚህ ፈንገስ ጊዜ የቫይረሱ ኪኒን የፈንገሱ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተጀመሩ የሰውነት መከላከያው ድንገት ተነሥቶ አንጎሉን ሊያሳብጠው ይችላል። በሽታው ቶክሶ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው፤ በሁለት ሳምንት ለውጥ ካላየሽ ሌላ ነገር እንዲፈልጉ ንገሪያቸው። ፍሉኮናዞል የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት ደግሞ ተሻለኝ ብሎ እንዳይተወው። ወንድም ጋሼ ከአንድ ዓመት በላይ ወስዶታል።

አሁን ጤፉን ራሱ ያጭዳል። ነገ በጠዋት ወንድምሽን ይዘሽው ውጪ። ሲዲ ፎሩ ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ፣ ማታ ገብቼ አያለሁ።