ስለ ዜና ፎቶ ጠይቁኝ፤ መግለጫ የሌለው ፎቶ ግን አትላኩ

ጋሼ ሌንስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ከሰዓት ነፃ ነኝ። ቴአትር፣ ስብሰባ፣ ገበያ፣ ሐይቅ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ፎቶ ስትለጥፉ ግን ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን አብራችሁ ጻፉ።

የጣና ልጅ፦ ጋሼ፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ቴአትር ሳነሳ ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይወጣል። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?

ጋሼ ሌንስ፦ ካሜራህ ደህና ነው፣ መብራቱ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንዱ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። ድምፅ አልባውን ሹተር ከተጠቀምክ ይብሳል፤ ምስሉን መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። የሹተሩን ፍጥነት 1/100 ሰከንድ ላይ አድርገህ ሞክር። የመድረክ ኤልኢዲ መብራት የራሱ አመል ስላለው ቀድመህ ፈትሽ። በ1/100 የሚሮጥ ተዋናይ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሩጫውን ተወውና ቆም ብሎ ትንፋሹን ሲሰበስብ ያዘው። ከቻልክ ልምምዱን እይ። ማን የት ጋ እንደሚያለቅስ ካወቅክ ግማሹ ሥራ አልቋል። ፍላሽ በፍጹም!

ዜጌ ቡና፦ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?

ጋሼ ሌንስ፦ ባለህ አንሳ። ቀጣይ።

እህተ ዓባይ፦ ጋሼ፣ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሄጄ ማንሳት ፈልጌ ነበር።

ጋሼ ሌንስ፦ ሴት አይገባም፣ እህቴ። ዜጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሂጂ። እዚያም ፍላሽ አይሆንም።

ቀበሌ 14፦ ስብሰባ ላይ ባለሥልጣኖቹ ሁሌ ተኝተው ይወጡብኛል።

ጋሼ ሌንስ፦ ተኝተው ነው ወይስ ዓይናቸውን ሲያርገበግቡ ነው? ሁለት ሰዓት ነቅቶ የተቀመጠን ሰው በዚያች ቅጽበት ይዘህ «ተኛ» ብትል ዋሽተሃል። ከልቡ ከተኛ ሌላ ነገር ነው፤ አምስት ስድስት ፎቶ በተከታታይ አንሳ፣ ይመሰክሩልሃል።

ድሮን በባህር ዳር፦ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ከላይ ላነሳው ነው። 380 ሜትር ነው፣ መሬት ላይ ቆሜ አልበቃ አለኝ።

ጋሼ ሌንስ፦ ፈቃድ አለህ? ከሌለህ አታንሳ።

የጣና ልጅ፦ ድልድዩ ጋ ማልዶ ለሄደ እኮ ጉማሬ ይታያል።

ቀበሌ 14፦ ኧረ ባክህ! እኔ በየቀኑ አልፍበታለሁ፣ አንድም አላየሁም።

የጣና ልጅ፦ አንተ በባጃጅ እየበረርክ ምን ታያለህ?

ጋሼ ሌንስ፦ እናንተ ልጆች! ጉማሬውን ለሌላ ቀን።

ሚካኤል ሰፈር፦ የ2016ን ጥምቀት ያነሳሁበት ካሜራ ጃንዋሪ 20 ይላል። ጥምቀት 19 አይደለም እንዴ? ቀኑን ላስተካክለው?

ጋሼ ሌንስ፦ እንዳትነካው! ተባረክ፣ ይህችን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ጥምቀት ጥር 11 ነው። በፈረንጅ አብዛኛውን ጊዜ 19 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 ከሆነች ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥምቀት 20 ይሆናል። 2015 ጳጉሜን 6 ነበረች፣ ስለዚህ ካሜራህ ልክ ነው። መግለጫው ላይ «ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.» ብለህ በእኛ ጻፍ። ካሜራው ውስጥ ያለውን አትንካ። ሰዓቱ ደግሞ የባሰ ጣጣ ነው። አንዴ የደንገል ታንኳ ላይ እንጨት ጭኖ ከዜጌ የሚመጣ ሰው አነሳሁ። ወገቡ ድረስ ርሷል፣ መቅዘፊያው ጫፍ ላይ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። ፀሐይ ገና ብቅ ማለቷ ነው። ካሜራው ያለውን አይቼ 6:20 ብዬ ላክሁ። አርታኢው በእኛ ቆጥሮ «በቀትር ፀሐይ» ብሎ አተመው። የሰውየው ጥላ ግን የዘንባባ ያህል ረዝሟል! ጥፋቱ የኔ ነው። «ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ20» ብል ምን ነበረበት?

ዜጌ ቡና፦ ጋሼ ካሜራውን አልነገሩኝም እኮ።

ጋሼ ሌንስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ከላይ!

እህተ ዓባይ፦ ገበያ ላይ እናቶች ይቆጡኛል።

ጋሼ ሌንስ፦ ካሜራሽን ቦርሳ ውስጥ ከተቺና «እንደምን ዋሉ እማማ» በይ። ሽንኩርትም ግዢ። እንቢ ካሉ እንቢ ነው።

ድሮን በባህር ዳር፦ እሺ፣ በስልክ ያነሳኋት ይህቺስ እንዴት ናት? ሐይቁ ዳር መረብ የሚጠግን ሰው።

ጋሼ ሌንስ፦ እጁ ያምራል። መቼ ነው?

ድሮን በባህር ዳር፦ ትናንት 11:40።

ጋሼ ሌንስ፦ በስልክህ ነው በእኛ?

ድሮን በባህር ዳር፦ ቆይ ልየው።