ቡና ከመግዛታችሁ በፊት የገላኑን መጋዘን እዩ

አውሮፓ ሆናችሁ የአገራችሁን ቡና አስመጥታችሁ ለመሸጥ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ብዙዎቻችሁ ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ ወደ ይርጋጨፌ ወይም ወደ ከፋ ትገሰግሳላችሁ። ከቀይ እሸት ጋር ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ገበሬው ቤት ቡና ይፈላላችኋል፣ ትመለሳላችሁ። አልነቅፍም፣ ደስ የሚል ጉዞ ነው። የቡናችሁ መነሻ የሚጠፋው ግን ጫካ ውስጥ አይደለም። እዚሁ አዲስ አበባ ዳር፣ በቃሊቲ፣ በገላንና በዱከም መጋዘኖች ነው።

ነገሩ ከጣዕምም ከዝናም ያለፈ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ፣ ቡናው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ በተመነጠረ ደን ላይ እንዳልበቀለ መረጋገጥ አለበት። የእያንዳንዱ ማሳ የጂፒኤስ ነጥብ ይጠየቃል፤ ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ ይለካል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ተራዝሟል፣ ያውም ደጋግሞ፣ ግን በዚህ አትዘናጉ። ሕጉ ተጠያቂ የሚያደርገው ገበሬውን ሳይሆን ቡናውን ገበያ ላይ የሚያወጣውን አስመጪ ነው። እናንተን ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ ይጭናል፤ 19.2 ቶን ነው። ከአንድ ገበሬ 3 ኩንታል ንጹሕ ቡና ብናገኝ እንኳ ከ60 በላይ ማሳ ማለት ነው። በተግባር ደግሞ ይበዛል፤ ገበሬው እሸቱን እንደ ችግሩ ለዚህም ለዚያም ይሸጣልና። እሸቱ ከሰብሳቢ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ፣ ከዚያ በአቅራቢው በኩል ወደ ላኪው መጋዘን ይደርሳል። መጋዘኑ ጋ ይቀሸራል (ገለፈቱ ይላቀቃል ማለት ነው)፣ ይበጠራል፣ ሴቶቹ በእጅ ይለቅሙታል። መጫኛው ቀን ሲደርስ ሃያ ጆንያ ይጎድላል እንበል። ጎን ካለው ተመሳሳይ ቡና ይሞላል። ቀማሹ አይለየውም፣ የማሳ ዝርዝሩ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ውሸት ሆኗል።

ይህን የሚያደርገው ሁሉ ሌባ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው ምርት ገበያ ቡናን በአካባቢና በደረጃ መድቦ በአንድ ላይ ሲያገበያይ ስለኖረ፣ ብዙ ነጋዴ መቀላቀልን እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። ስለዚህ ቀድሞ መንገር የእናንተ ድርሻ ነው፤ በቃል ሳይሆን በውል ላይ።

መጋዘን ስትገቡ ከሳምፕሉ በፊት የመቀሸሪያውን መዝገብ ጠይቁ። የታጠበ ቡና ከነገለፈቱ 100 ኪሎ ገብቶ ሲቀሸር 80 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል። 80 ቶን ገብቶ 75 ቶን ወጣ የሚል መዝገብ ካያችሁ፣ ትርፉ ከየት መጣ በሉ። የእናንተ ቡና ለብቻው ተደርድሯል? ምልክት ተለጥፎበታል? የመጣበት ጣቢያ ተጽፏል? «ሁሉም አንድ ነው፣ ጉጂ ነው» ከተባላችሁ ቀብድ አትስጡ።

የማጠቢያ ጣቢያው ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድም ጠይቁ። ገንዳ ሳያጠራቅመው በቀጥታ ወንዝ ውስጥ የሚለቅ ብዙ ነው፣ ጦሱም ከታች ባለው መንደር ሰውና ከብት ላይ ይወርዳል።

ወጪውን በተመለከተ ጥብቅ ሁኑ። ማሳ ለማሳ ዞሮ ነጥብ መያዝ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ላኪው ከቡናው ዋጋ ላይ እንዲቀንሰው ከተዋችሁት መጨረሻ የሚከፍለው ገበሬው ነው። ለብቻው አስጽፉትና ክፈሉ። የአባላት መዝገብ ያላቸው የገበሬ ዩኒየኖች ስላሉ ከእነሱ ብትጀምሩ ድካሙ ይቀልላችኋል፤ ዋጋቸው ትንሽ ከፍ ቢልም እኔ እመርጣቸዋለሁ።

ጉዟችሁን ጥርና የካቲት ላይ አድርጉት። ያኔ የታጠበው ቡና እየገባ ነው፣ መቀሸሪያውም ይሠራል። ሐምሌ ላይ ለእረፍት ስትመጡ ጎራ ካላችሁ ባለመጋዘኑ ሻይ ቡና ይጋብዛችኋል እንጂ የሚያሳያችሁ ብዙ ነገር የለውም።