ካናዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትጎበኙ፦ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ቶሮንቶ ነው፤ ከዚያ በፊት ካልጋሪ ነበርኩ። ከአገር ቤት፣ ከአሜሪካና ከዓረብ አገር የሚመጣ ዘመድ መቀበልና ማስጎብኘት ሁለተኛ ሥራዬ ሆኗል። ለጉብኝት ስለ መምጣት ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ። ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ጥገኝነት ግን ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው አማካሪ ጠይቁ፤ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እኔና ባለቤቴ 12 ቀን አለን። ቶሮንቶን፣ ናያጋራን፣ ሞንትሪያልን፣ ባንፍንና ቫንኩቨርን ለማየት አስበናል። ይበቃናል?

መልስ፦ መሄዱ ይቻላል፤ የምታዩት ግን ኤርፖርትና ሆቴል ነው። ካናዳ ወደ 10 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ትጠጋለች፤ ከኢትዮጵያ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ስድስት የሰዓት ክልል አላት። ከቶሮንቶ ቫንኩቨር ቀጥታ በረራው አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከቦሌ ዱባይ ከሚወስደው ይበልጣል። በመኪና ካላችሁ 4,400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ መጀመሪያ ጫካና ሐይቅ፣ ቀጥሎ ጫካና ሐይቅ፣ ከዚያ የስንዴ ሜዳ፣ ተራራው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ወገን ምረጡ። ምሥራቁ ከሆነ ቶሮንቶ፣ ናያጋራ፣ ኦታዋ፣ ሞንትሪያልና ኩቤክ ከተማ ለ12 ቀን ሳያጣድፉ ይበቃሉ፤ ከናያጋራ በቀር ሁሉም በአንድ የባቡር መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ኩቤክ ከተማ በ1608 የተቆረቆረች ናት፤ አሮጌው ክፍል እስከ ዛሬ በግንብ እንደታጠረ ነው። ምዕራቡ ከሆነ ደግሞ ካልጋሪ አርፋችሁ መኪና ተከራዩና የተራራ ፓርኮቹን ባንፍንና ጃስፐርን እዩ፤ ቫንኩቨር ጨርሳችሁ ከዚያው መመለስ ትችላላችሁ።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ ከተማና ሰው ለሚወድ ምሥራቁ፣ ተፈጥሮ ለሚወድ ምዕራቡ። የስሜንን ተራሮች ያየ ሰው እንኳ ባንፍ ያለው ሌክ ሉዊዝ የሚባለው ሐይቅ ፊት ሲቆም ዝም ይላል። ቶሮንቶ የመጣ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀኝን 553 ሜትር የሚረዝመውን ሲኤን ታወር ግን ከታች ሆናችሁ ፎቶ ተነሡና እለፉት፤ የመውጫው ገንዘብ ለጥሩ እራት ይሆናል።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ልጄ ኤድመንተን ወልዳለች፤ ልሄድ ላርሳት ነው። ስድስት ወር ብቻ ነው የሚፈቅዱት ይሉኛል። ከዚያ በላይ መቆየት አይቻልም?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችልዎት፣ እናቴ! በተለመደው የጎብኚ ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው እስከ ስድስት ወር ነው፤ ልክ ነው የነገሩዎት። ለወላጆችና ለአያቶች ግን ሱፐር ቪዛ የሚባል አለ። ልጅዎ የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ከሆነች በሱ ማመልከት ይችላሉ፤ በአንድ መግቢያ እስከ አምስት ዓመት መቆየት ያስችላል፤ ቪዛው ራሱ እስከ አሥር ዓመት ሊሰጥና ደጋግሞ ሊያስገባ ይችላል።

ሸክሙ በልጅዎ ላይ ነው። ገቢዋ በቤተሰቧ ቁጥር ልክ ከተወሰነው መጠን በላይ መሆን አለበት፤ እርስዎንም እንደምትረዳ ደብዳቤ ትጽፋለች። ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል፣ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ ይገዛል፤ እርስዎም የሕክምና ምርመራ ያደርጋሉ። ኢንሹራንሱን እንደ ወረቀት ማሟያ አይዩት። እዚህ ሕክምና ነፃ ነው የሚባለው ለነዋሪው ነው፤ እንግዳ አንድ ሌሊት ሆስፒታል ካደረ የሚመጣው ሒሳብ ቤተሰብ ያስደነግጣል። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ውሉ የቆየ ሕመምን መሸፈን አለመሸፈኑን ልጅዎ አንብባ ትፈርም። መድኃኒቱን ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይያዙት።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው፣ የምሠራው እዚህ። ጓደኛዬ አመልክቶ ተከለከለ። ማመልከቻው እንዲያምር ገንዘብ ተበድሬ አካውንቴ ላይ ላስገባ?

መልስ፦ ተው፣ ወንድሜ። የባንክ መግለጫህን የሚያየው ሰው የሚመለከተው የወራቱን እንቅስቃሴ እንጂ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አይደለም። በየወሩ ደመወዝ ገብቶ በየወሩ ሲያልቅ የኖረ አካውንት ድንገት በአንድ ቀን ሲያብጥ፣ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ ራስህ ጠራኸው ማለት ነው። ትንሽም ብትሆን ያንተ የሆነች፣ ቀስ እያለች ያደገች ገንዘብ ትሻላለች።

ብዙ ጊዜ የሚያስከለክለው ደግሞ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ጉብኝቱ ሲያልቅ ትመለሳለህ ብለው አለማመናቸው ነው። ስለዚህ ምን እንደሚመልስህ አሳይ፦ ከአሠሪህ የፈቃድህን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የሥራ ውልህ፣ የሚያበቃበት ቀን ገና የሆነ የኤምሬትስ መኖሪያ፣ ትዳርና ልጅ ካለህ ማስረጃው። የጉዞ ዕቅድህም ካንተ ጋር ይመጣጠን። የሁለት ሳምንት ፈቃድ ያለው ሰው የሦስት ወር ጉብኝት ቢጽፍ ማን ያምነዋል?

ጋባዥ ካለህ የግብዣ ደብዳቤው ከመኖሪያ ማስረጃው ኮፒ ጋር ይረዳል፤ ዋስትና ግን አይደለም። የማመልከቻው ክፍያ 100 የካናዳ ዶላር፣ አሻራው 85 ነው፤ ከመክፈልህ በፊት የኢሚግሬሽኑን ድረ ገጽ ተመልከት። አሻራ አንዴ ከሰጠህ አሥር ዓመት ያገለግላል። ሐሰተኛ ሰነድ ግን በጭራሽ እንዳታስገባ፤ ከተያዘ የአምስት ዓመት እገዳ አለው። ጓደኛህም ያንኑ ማመልከቻ ደግሞ ከማስገባቱ በፊት የእምቢታውን ምክንያት አንብቦ ምን እንደተለወጠ ያሳይ።

አንድ ነገር ልጨምር። ትኬት ስትፈልግ በኒውዮርክ ወይም በዋሽንግተን የሚያልፈው ረክሶ ታገኘው ይሆናል። አሜሪካ ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልግሃል።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ እኔ ግሪን ካርድ አለኝ። እናትና አባቴ በአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ እኔ ጋ ናቸው። በመኪና ናያጋራ ሄደን በካናዳ በኩል ማየት እንችላለን?

መልስ፦ አንቺ ጸንቶ ያለ ፓስፖርትሽንና ግሪን ካርድሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ፤ የካናዳ ቪዛ አያስፈልግሽም። ለእማማና ለአባባ ግን የአሜሪካው ቪዛ ለካናዳ አይሠራም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው ከሆነ የካናዳ ቪዛ የግድ ነው። ድንበሩ ድልድይ ላይ ደርሶ መመለስ እንዳይመጣ አስቀድማችሁ አመልክቱ። ሲመለሱም ወደ አሜሪካ መግባት አለና የዚያኛውን ቪዛና የቆይታ ጊዜያቸውንም አብራችሁ እዩ። ልፋቱ ግን የሚያስቆጭ አይደለም፤ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ትልቁ ፏፏቴ ፊቱን ያዞረው ወደ ካናዳ ነው።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ የስዊድን ፓስፖርት አለኝ። በየትኛው ወር ልምጣ?

መልስ፦ በአውሮፕላን ለምትመጪ ቪዛ ሳይሆን ኢቲኤ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ይበቃሻል፤ 7 የካናዳ ዶላር ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅሽ ድረ ገጽ ካገኘሽ የመንግሥቱ አይደለም፣ ውጪ።

ወሩን በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ ሐምሌና ነሐሴ ይላል፤ ይሞቃል፣ ሆቴሉም ይወደዳል። እኔ ከመስቀል እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው የምለው። በኦንታሪዮና በኩቤክ ክፍለ አገሮች የሜፕል ዛፍ ቅጠል ቀይና ብርቱካን የሚሆነው ያኔ ነው፤ ከቶሮንቶ ሦስት ሰዓት ያህል በመኪና የሚያስኬደው አልጎንኩዊን ፓርክ ለዚህ የታወቀ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን የቶሮንቶ ሰው ሁሉ እዚያ ነው፤ በአዘቦት ቀን ሂጂ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ጥር ላይ ዊኒፔግ ለወንድሜ ሠርግ ልሄድ ነው። ብርዱ እንደሚባለው ነው?

መልስ፦ የዊኒፔግስ ከሚባለውም ይብሳል። ከዜሮ በታች 30 ሲደርስ የአፍንጫህ ውስጥ ሲደርቅ ይታወቅሃል። ቶሮንቶ ይለዘባል፤ ቫንኩቨር ደግሞ ከበረዶው ይልቅ ዝናቡ ይበዛል። ካልጋሪ ላይ ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ ሲመጣ በሰዓታት ውስጥ በረዶው ሲቀልጥ ታያለህ።

ከአገር ቤት ወፍራም ካፖርት ገዝተህ አትምጣ፤ ለዚያ ብርድ የተሠራው እዚህ ነው ያለው፤ ወንድምህ ትርፍ ካለው ይዞ ኤርፖርት ይጠብቅህ። ሚስጥሩ መደራረብ ነው፦ ከሥር ስስ የሙቀት ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከውጭ ንፋስ የማያስገባ ካፖርት። ጆሮና ጣት ቀድመው ስለሚጎዱ ኮፍያና ጓንት ከካፖርቱ እኩል ዋጋ አላቸው። ጫማህ ውኃ የማያስገባና የማያንሸራትት ይሁን። የሠርጉን የአገር ባህል ልብስ አዳራሹ ውስጥ ትለብሰዋለህ፤ ቤቱ ሁሉ ስለሚሞቅ ውስጥ ብርድ የለም። ጨለማው ቀድሞ እንደሚመጣም እወቅ፤ በእኛ አቆጣጠር ከ11 ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ይመሽብሃል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በርበሬ፣ ሽሮና ቋንጣ አዘውኛል። ጫትም የጠየቀኝ አለ።

መልስ፦ ጫቱን እርሺው። በካናዳ ሕግ የተከለከለ ነው፤ የላከሽ ሰው ሳይሆን የያዝሽው አንቺ ነሽ የምትጠየቂው። ቋንጣም ሥጋ ስለሆነ ይወሰዳል። በደንብ የታሸገ በርበሬና ሽሮ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ዋናው ነገር፣ የምግብ ነገር ይዘሻል ወይ ተብለሽ ስትጠየቂ አዎ በይ። አሳውቀሽ የማይገባ ቢሆን ዕቃውን ብቻ ታጫለሽ፤ ደብቀሽ ከተገኘ ቅጣቱ እስከ 1,300 ዶላር ይደርሳል።

ጥያቄ (ከሎንዶን)፦ ጥቁር ሆኖ መጓዝ እንዴት ነው? እውነቱን ንገረን።

መልስ፦ በትልልቅ ከተሞች ማንም ዞር ብሎ አያይህም። ቶሮንቶ ላይ ከነዋሪው ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከካናዳ ውጭ የተወለደ ነው። ካናዳ የብዙ ባህሎች አገር መሆኗን በ1971 በፖሊሲ፣ በ1988 በሕግ አውጃለች። ሕጉን የምታየው ግን አውቶቡስ ውስጥ ነው። ስካርቦሮ ሄደህ የታሚሎችን ምግብ ብላ፣ ብራምፕተን የፑንጃቦችን፣ ኬንሲንግተን ማርኬት የፈለግኸውን። ቫንኩቨር ከሆንክ ከተማ ዳር ያለችው ሪችመንድ የቻይና ምግብ አገር ናት። ለእኔ ቶሮንቶን ማየት ማለት ይኸው ነው፤ ዘመድ ቤት ያረፈ እንግዳ ብዙ ጊዜ የዘመዱን ሳሎን ብቻ አይቶ መመለሱ ያናድደኛል።

ገጠርና ትንንሽ ከተማ ስትገባ ትኩር ብለው ሊያዩህ ይችላሉ፤ አብዛኛው የማወቅ ጉጉት ነው፣ ሁሉም ግን አይደለም። ታሪኩም ንጹሕ አይደለም። ሃሊፋክስ ከሄድክ አፍሪክቪልን እይ፤ የጥቁሮች መንደር ነበር፣ በ1960ዎቹ አፈረሱት፣ ከተማው ይቅርታ የጠየቀው በ2010 ነው። የነባር ሕዝቦችንም ነገር ሳታይ አትመለስ፤ ከኦታዋ ወንዙን ተሻግሮ ጋቲኖ ያለው የታሪክ ሙዚየም ጥሩ መነሻ ነው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ፈረንሳይኛ የግድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሞንትሪያል ላይ «ቦንዡር» ብለህ ጀምር፣ እነሱ ራሳቸው ወደ እንግሊዝኛ ይዞሩልሃል። ከከተማው ወጣ ስትል ግን የመንገድ ምልክቱ ሁሉ ፈረንሳይኛ ነው።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ባቡር ይሻላል ወይስ መኪና? ዋጋውስ?

መልስ፦ ከቶሮንቶ እስከ ኩቤክ ከተማ ባቡር፤ ለተራራው መኪና። ከካልጋሪ ባንፍ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞሬይን የሚባለው ሐይቅ ግን ከ2023 ጀምሮ የግል መኪና ስለማይገባበት የማመላለሻ አውቶቡስ ቀድመሽ ያዢ። ቶሮንቶን ከቫንኩቨር የሚያገናኘው ባቡር አራት ሌሊት ይፈጃል፤ የጭነት ባቡር እያሳለፈ ስለሚቆም መዘግየት ልማዱ ነው፤ በማግስቱ በረራ እንዳትይዢ።

ዋጋን በተመለከተ፣ መደርደሪያ ላይ የምታዪው ቁጥር ታክስ የለበትም። ቶሮንቶ ያለችበት ኦንታሪዮ 13፣ ካልጋሪ ያለችበት አልበርታ 5 በመቶ ሲከፈል ይጨመራል። ምግብ ቤት ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ ይጠበቃል፤ የካርድ ማሽኑ ራሱ ይጠይቅሻል፣ አትደንግጪ። ቆመሽ ለወሰድሽው ቡና ግን ዜሮን ብትነኪ ነውር የለውም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ አባቴ ያለ እንጀራ አይሆንላቸውም። ጾምም አለ።

መልስ፦ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ የእኛ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ታገኛላችሁ። ካልጋሪ፣ ኤድመንተን፣ ኦታዋና ዊኒፔግም አይጠፋም። የሚቸግረው መንገድ ላይ ነው፤ ባንፍና ጃስፐር ስትወጡ ከካልጋሪ እንጀራ ገዝታችሁ ሽሮውን ማብሰያ ያለው ማረፊያ ያዙ። ማብሰያ ያለው ማረፊያ በሐምሌና በነሐሴ ቶሎ ይያዛል፤ ከበረራው ትኬት እኩል ቀድማችሁ ያዙት።