ለበረት ፍሳሽ ባክቴሪያ መግዛት ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ዳር፣ በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል አምስት የወተት ላሞች አሉኝ። የበረቱን እጣቢ ጠጠር ሞልቼ ሸምበቆ በተከልኩበት ገንዳ ውስጥ አሳልፈዋለሁ። በፊት ደህና ነበር፤ አሁን የሚወጣው ውኃ ጠቁሯል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በረቱን የማጥበው በበረኪና ነው። «ባክቴሪያ ገዝተህ ጨምርበት» ተብያለሁ። ልግዛ? ውኃውንስ ሰላጣና ቆስጣ ላጠጣበት?

መልስ፦ ገንዘብዎን አያውጡ። ባክቴሪያው ከእበቱ ጋር በየቀኑ በነጻ ይገባልዎታል። ያጠረው አየር ነው፤ ባክቴሪያውን የሚፈጀው ደግሞ በረኪናዎ ነው።

ሸምበቆው ራሱ የሚወስደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ጥቂት ነው። ዋናው ሥራ በጠጠሩና በሥሩ ላይ የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን ሠርተው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ነው። ከሽንትና ከእበት የሚመጣውን አሞኒያ ናይትሮሶሞናስን የመሳሰሉት ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ለዚህም ለ1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን 4.6 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ቀጥሎ አየር በማይደርስበት የገንዳው ክፍል ያሉት ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ቀይረው ይለቁታል። ስለዚህ ገንዳው አየር ያለበትም የሌለበትም ቦታ ሊኖረው ይገባል።

የእርስዎ ግን ሙሉ በሙሉ የታፈነ ይመስላል። እበት ሲበዛ እሱን የሚያፈርሱት ፈጣን ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ቦታውን በኦክስጅን ፈንታ በሰልፌት (ድኝና ኦክስጅን ባለበት ውሁድ) የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ይይዙታል። የእንቁላሉ ሽታ እነርሱ ከሚለቁት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከሚባል ጋዝ ነው፤ ጥቁረቱም ሰልፋይድ ከብረት ጋር ሲዋሐድ የሚመጣ ነው። በመግቢያው በኩል አንድ ስንዝር ቆፍረው ጠጠር ያውጡና ይዩት። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁር ከለበሰ ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ ጥቁረቱ ለቅቆ የዝገት መልክ ካመጣ የጎደለው አየር መሆኑን በዓይንዎ አዩ ማለት ነው። ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ ካለዎት ግን አደራዎን ወደ ውስጥ አይግቡ፤ ይኸው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ከማጠብዎ በፊት እበቱን በአካፋ ዝቀው ለኮምፖስት ያውሉት። ይህ ብቻውን ከሁሉም ይበልጣል። የቀረው እጣቢ ከገንዳው በፊት በትንሽ ማዝቀጫ ይረፍ፤ ዝቃጩም በየጊዜው ይውጣ። የውኃውን ከፍታ ከጠጠሩ ገጽ 5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ያድርጉት። ቦታ ካለዎት ገንዳውን ለሁለት ከፍለው በየሳምንቱ እያፈራረቁ ያሳርፉት፤ ሲያርፍ አየር ይገባዋል። የበረኪና እጣቢና በአንቲባዮቲክ ላይ ያለች ላም ወተት ወደ ገንዳው እንዳይገቡ። አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አረባባቸው አዝጋሚ ስለሆነ ለውጡን ለማየት ሳምንታት ይታገሡ።

ውኃውን ሰላጣ አያጠጡበት፤ ቆስጣም ቢሆን ይቅር። የጠራ ውኃ ከጀርም የጸዳ ነው ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ ጥሬ ለሚበላ አትክልት የሚውል የታከመ ፍሳሽ በ100 ሚሊ ሊትር ከ1,000 ያልበለጠ የሰገራ ኮሊፎርም (የሰገራ ብክለት መኖሩን የሚጠቁም ባክቴሪያ)፣ በሊትር ከአንድ ያልበለጠ የአንጀት ትል እንቁላል እንዲኖረው ይል ነበር፤ ያለ ላቦራቶሪ ይህን ማወቅ አይቻልም። ለዝሆኔ ሣር ያውሉት፣ ናይትሮጅኑን ይወድለታል። ወደ ወንዙ ግን አይልቀቁት። ሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ በጥቁር ውኃ የገባው ፎስፈረስ እዚያው እየተጠራቀመ አልጌ ያበዛል።