ስለ ኦልድሀሙ የፕላት ወንድማማቾች ፋብሪካ፦ ጥያቄና መልስ

አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእንግሊዝ አገር፣ ላንካሸር የነበረው ይህ ፋብሪካ ደግሞ ማሽን ሠሪ እንጂ ጨርቅ ሠሪ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አመሠራረቱ እንዴት ነው?

መልስ፦ ሄንሪ ፕላት በ1820ዎቹ መጀመሪያ ከኤላይጃ ሂበርት ጋር ተሻርኮ የጥጥ ማባዘቻ ማሽን ይሠራ ጀመር። ሃርትፎርድ የተባለው ዋናው ግቢ በ1844 ወርነዝ ሰፈር ሲተከል፣ ብሪታንያ የመፍተያ ማሽን ለውጭ አገር እንዳይሸጥ ያወጣችውን ክልከላ ካነሣች ገና አንድ ዓመቷ ነበር።

ጥያቄ፦ 1844 በእኛ ነው?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጨርቁ የት ይሸጥ ነበር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጨርቅ አልሠራም ብያለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ምን ይሠራ ነበር?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከመዳመጫ እስከ መሸመኛ ያለውን ሁሉ ይሠራ ነበር፤ በ1890ዎቹም ከ12,000 በላይ ሠራተኞች ይዞ በሙያው ከዓለም ትልቁ ሆኗል። ሚዩል የተባለውን መፍተያ ብቻ እንመልከት። እናቶቻችን እንዝርቱን እያሾሩ ከባዘቶው ክር የሚስቡትን ሥራ፣ ይህ ማሽን እስከ ሺህ የሚደርስ እንዝርት በተሸከመ ረጅም ጋሪ ይሠራዋል። ጋሪው በሐዲድ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል እየሸሸ ክሩን ይስባል፣ ያከርራል፤ ሲመለስ ይጠቀልላል። ጋሪው ጥቂት ከተንጋደደ ክሩ ይበጠሳልና፣ እኔ ዘወትር የማደንቀው የብረት ሠሪዎቹን ልክ አጠባበቅ ነው።

አንድ አባል፦ ቶዮታ የተመሠረተው በፕላት ገንዘብ ነው።

ሌላ አባል፦ ይህ ተረት ነው፤ ቶዮታን የመሠረቱት የጃፓን ቤተሰብ፣ ቶዮዳዎች፣ ቀድሞም ከመሸመኛ ሽያጭ ሀብት ነበራቸው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ከመሃል ጀመራችሁት። በ1867 ካጎሺማ ላይ የተከፈተው የጃፓን የመጀመሪያ ዘመናዊ የጥጥ መፍተያ የተከለው የፕላትን ማሽኖች ነበር። በ1929 ግን ፕላት የቶዮዳን አውቶማቲክ መሸመኛ የፈጠራ መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። መሸመኛው ድር ሲበጠስ ራሱን ያቆማል፤ ማግ ሲያልቅም ሥራ ሳያቋርጥ መወርወሪያውን ይለውጣል። ገንዘቡ በየጊዜው የሚከፈል ሆኖ ኋላ በስምምነት ስለ ተቀነሰ፣ መኪናው በእርሱ ብቻ ተሠራ ማለት አይቻልም። እኔን የሚከብደኝ ግን ሻጩ በ62 ዓመት ውስጥ ገዢ መሆኑ ነው። ስለ መኪና ሌላ ቦታ ተከራከሩ።

ጥያቄ፦ መጨረሻውስ?

መልስ፦ በ1931 ከተፎካካሪዎቹ ጋር በአንድ ኩባንያ ሥር ተጠቃለለ፤ በ1982 ተዘጋ። ማሽኖቹን በየሙዚየሙ የምታገኙ፣ የጎኑን ብረት እዩት፤ የፕላት ስምና ኦልድሀም የሚለው ከብረቱ ጋር አብሮ ፈስሶ ጎልቶ ይነበባል።