ማሲንቆና ጊታር አንድ መድረክ ላይ ስለወጡ ፊውዥን ሆነ ማለት ነው?

ወንድማችን የጠየቀው ይሄን ነው፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ምሽት ቤት ማሲንቆ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከኪቦርድ ጋር ሲጫወት ሰምቷል። «ይሄ ፊውዥን ጃዝ ይባላል? ካልተባለስ ፊውዥንን ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው?» ይላል። እኔ እዚሁ ጎንደር ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ሰርግም፣ ሆቴልም፣ ምሽት ቤትም እሠራለሁ። ጥያቄው ልቤን ስለነካው መልሴ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

መሣሪያ መቀላቀል ብቻውን ፊውዥን አያደርግም። ሁለት ነገር አብሮ መገኘት አለበት። ከሥር ያለው ምት ከሮክ ወይም ከፈንክ (ከጥቁር አሜሪካውያን የዳንስ ሙዚቃ) ወይም ከሌላ ሕዝብ ሙዚቃ የመጣ ይሆናል። ከላይ ያለው ጨዋታ ግን ጃዝ ነው። አንዱ ከጎደለ ሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው።

ከምቱ ልጀምር። በቀደመው ጃዝ ድራመሩ ሲምባሉን እያወዛወዘ ይመታል፤ ስዊንግ የሚሉት እሱ ነው። ቤዙ (ወፍራሙን ድምፅ የሚጫወተው) ደግሞ በየምቱ አንድ ኖታ እየረገጠ ይራመዳል። ፊውዥን ላይ ምቱ እኩል እኩል ይቆረጣል። ቤዙም መራመዱን ይተውና አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይደጋግማታል። ኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚመቱት ኖታዎች ስብስብ፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ታዲያ በዚህ ሁሉ ላይ ሶሎ (ለብቻው ጎልቶ) የሚጫወተው ሰው ያጠናውን አይደግምም፤ እዚያው ይፈጥራል። ድራመሩ ይሰማዋል፣ ይመልስለታል፣ አንዳንዴም ይገፋዋል።

ይሄን በጆሮ ማግኘት የሚፈልግ ሰው የአሜሪካዊውን የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች የኸርቢ ሃንኮክን «ካሜሊየን» ይስማ። በ1973 በወጣው «ሄድ ሀንተርስ» አልበም ላይ ያለ፣ 15 ደቂቃ ያለፈ ሥራ ነው። መጀመሪያ የምትሰሙት የቤዝ ሐረግ ቤዝ ጊታር አይደለም። ሃንኮክ ራሱ በአርፕ ኦዲሴ ሲንተሳይዘር (ድምፁን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር ኪቦርድ) የሚጫወተው ነው። ለረጅም ጊዜ ኮርዱ ሁለት ብቻ ነው። ድራሙ ይገባል፣ ሌሎቹም አንድ በአንድ ይደረባሉ። እስከዚህ ድረስ የዳንስ ሙዚቃ ነው ብትሉ አልፈርድባችሁም። መሀል ላይ ግን የቤዙ ሐረግ ይቀየርና ሃንኮክ ወደ ፌንደር ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ይዞራል። እዚያ ጋ ድራመሩን ብቻ ተከታተሉት። ፒያኖው ሲያፋጥን ምን ያደርጋል? ፒያኖው ትንፋሽ ሲወስድስ? ያ ጭውውት ነው ጃዙ።

ታሪኩን በአጭሩ ላስቀምጠው። ብዙ ሰው መነሻ የሚያደርገው አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ማይልስ ዴቪስ በ1969 የቀረጻቸውን ሁለት አልበሞች ነው፤ «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ» እና በ1970 የወጣው «ቢችስ ብሩ»። በመጀመሪያው ላይ ሃንኮክ፣ ቺክ ኮርያና ጆ ዛቪኑል ሦስቱም ኪቦርድ ላይ ናቸው። ጊታሩን የያዘው ጆን ማክላፍሊን ነው፣ ሳክስፎኑን ዌይን ሾርተር። ከዚያ ቀረጻ የወጡት ሰዎች ናቸው «ዌዘር ሪፖርት»ን፣ «ሪተርን ቱ ፎርኤቨር»ን፣ «ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ»ን የመሠረቱት። ማክላፍሊን በኋላ «ሻክቲ» በሚባለው ቡድን ከህንድ ሙዚቀኞች ጋር በቫዮሊን፣ በታብላና ኤሌክትሪክ ባልሆነ ጊታር ተጫወተ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ከሌለ ፊውዥን የለም የሚለውን አልቀበለውም።

አሁን ወደ እኛው ቤት ልመለስ። እዚህ በብዙ ቦታ ድራመር የለም። ኪቦርዱ ውስጥ የተጫነው የችክችካ ስታይል፣ ማለትም በራሱ የሚዞር ምት ነው የሚሠራው። አዝማሪው እየዘፈነ ሳለ አንዱ እንግዳ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል። ስንኙ አንዳንዴ ይረዝማል፣ እንግዳውም መሀል ላይ ይስቃል። ማሲንቆው በዚያች አንድ የፈረስ ጭራ ክሩ ድምፁን እየጎተተ ይጠብቀዋል። ስታይሉ ግን አይጠብቅም። ዙሩን ጨርሶ ይሄዳል። እኔ በግራ እጄ ኮርዱን ይዤ እቆያለሁ እንጂ ምቱን ማዘግየት አልችልም። ድራመር ባለበት ምሽት ግን ማሲንቆው ሲጎትት ድራሙ ይሳሳል፤ ስንኙ ሲወርድ ደግሞ አብሮ ይወርዳል። ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

እና አዝማሪ እዚያው መፍጠር አዲስ ነገር አይደለም ለሱ። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጥረው ግጥሙን ነው፤ ዜማው በቦታው ይቆያል። የጃዝ ተጫዋች የሚፈጥረው ዜማውን ነው። ወንድማችን የሰማው ባንድ ላይ መታየት ያለበት ይሄ ነው። ዘፋኙ ዝም ሲል ማሲንቆው ለብቻው ተለቆ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ቅኝት ከታወቀው ዜማ ወጥቶ ይሄዳል? ጊታሩና ኪቦርዱስ የሄደበት ይከተሉታል? ከተከተሉት ያለ ምንም ማቅማማት ፊውዥን እለዋለሁ። ጊታሩ ኮርድ ብቻ እየመታ ማሲንቆው የዘፈኑን መግቢያ የሚደግም ከሆነ ዘመናዊ የባህል ሙዚቃ ነው። እሱም ቢሆን በደንብ ከተሠራ ደስ ይላል፤ ዝቅ የሚያደርገው ነገር የለም።

«ኢትዮ ጃዝስ?» የሚል ጥያቄ ከሥር መጥቷል። ሙላቱ አስታጥቄ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን ኒውዮርክ ላይ ያወጣው በ1966 ነው። ማይልስ እነዚያን አልበሞች ከመቅረጹ በፊት ማለት ነው። በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ተከተለ። የኛን ቅኝት ከጃዝ ኮርድና ከላቲን ምት ጋር አገናኘው። በአሠራሩ ፊውዥን ነው፤ ግን የማይልስ ቅርንጫፍ ሳይሆን ራሱን ችሎ የበቀለ ነው። ከእነ «ዌዘር ሪፖርት» ኋላ የመጣ አድርገው የሚያስቀምጡትን ሰዎች አጥብቄ እቃወማለሁ።

ለማሲንቆ ተጫዋቾች አንድ ነገር ልጨምር። የ«ማሃቪሽኑ»ን የ1971 አልበም «ዘ ኢነር ማውንቲንግ ፍሌም»ን ፈልጋችሁ ቫዮሊኑን ስሙ። ጄሪ ጉድማን ከዚያ ሁሉ የጊታርና የድራም ጩኸት ጋር በደጋን ሲፋለም ትሰማላችሁ። ቫዮሊኑ የማክላፍሊንን ፈጣን ሐረግ እየተቀበለ ሲመልስበት ደጋግማችሁ አዳምጡ፤ ከዚያ ማሲንቆአችሁን አንስታችሁ ሞክሩት።