«ትልቅ ሕንፃዎች» ወይስ «ትልልቅ ሕንፃዎች»?

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው። አስተማሪያችን «ቅጽል አይበዛም» ብሎናል። በቅርቡ ደግሞ በአማርኛ የጻፍኩትን የሥራ ሪፖርት ባልደረባዬ አረመችልኝ። «ትልቅ ሕንፃዎች» ያልኩትን «ትልልቅ» አደረገችው። «ለረጅም ዓመታት» ያልኩትንም «ለረጃጅም ዓመታት» አለችው። ማንን ልስማ?

መልስ፦ አስተማሪዎ ልክ ናቸው፤ የተናገሩት ግን ስለ እንግሊዝኛ ነው። የባልደረባዎን እርማት ግን ለሁለት ከፍለን ማየት አለብን።

በእንግሊዝኛ ብዛትን የሚሸከመው ስሙ ነው። አንድም ይሁን መቶ «ቢግ» (ትልቅ) ያው «ቢግ» ነው፤ «ቢግ ሀውስ» (ትልቅ ቤት)፣ «ቢግ ሀውዚስ» (ትልልቅ ቤቶች)። የሚለወጡት እንደ «ዚስ» (ይህ) እና «ዛት» (ያ) ያሉ ጠቋሚዎች ናቸው፤ ሲበዙ «ዚዝ» እና «ዞዝ» ይሆናሉ። «ዘ ፑር» ሲባል እንኳ ድሆችን በሙሉ ማለት ሆኖ ሳለ የብዙ ምልክት አይጨመርበትም። እኛ «ድሆቹ» ስለምንል እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን።

አማርኛ ሌላ መንገድ አለው፤ ቅጽሉን ይደግመዋል። ብዙውን ጊዜ የሚደገመው ከመጨረሻው በፊት ያለው ፊደል ነው። ትልቅ ትልልቅ፣ ትንሽ ትንንሽ፣ አዲስ አዳዲስ፣ አጭር አጫጭር፣ ጥቁር ጥቋቁር። ይህ ከቋንቋችን ውበቶች አንዱ ነው፤ ብዛቱ በጆሮ ይሰማል። ሁሉም ቅጽል ግን አይደገምም። «ዘመናዊ ሕንፃዎች» እና «ደፋር ልጆች» እንላለን እንጂ ቅጽሎቹን አናጣምማቸውም። ከግዕዝ የመጡትም የራሳቸውን ሥርዓት ይዘው መጥተዋል፤ ክቡር፣ ክብርት፣ ክቡራን።

ታዲያ ድግግሙ ግዴታ ነው? አይደለም። «ትልቅ ሕንፃዎች» ስህተት አይደለም፤ ብዛቱን ስሙ ነግሮናል። «ትልልቅ ሕንፃዎች» ግን ለጆሮ ይበልጥ ይጥማል፤ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። «አዳዲስ ልብስ ገዛች» ስንልስ? እዚህ ስሙ ምንም ምልክት የለውም፤ ግን የገዛችው ልብስ ከአንድ በላይ መሆኑ ወዲያው ይገባናል። ብዛቱን ቅጽሉ ብቻውን ተሸክሞታል። ይህን እንግሊዝኛ አያደርገውም። ስለዚህ የአንዱን ሕግ ለሌላው ማዋስ አያዋጣም።

አሁን ወደ «ረጃጅም ዓመታት» እንምጣ። ቅጽል ሲደገም ባሕርይው ለእያንዳንዱ ነገር ይታደላል። «ረጃጅም ሰዎች» ካልን እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ረጅም ነው። «ትልልቅ ሕንፃዎች» ካልን አንዱም ትልቅ ነው፣ ሌላውም ትልቅ ነው። ዓመታት ግን እንዲህ አይደሉም። «ለረጅም ዓመታት አገለገለ» ስንል የረዘመው እያንዳንዱ ዓመት ሳይሆን ዓመታቱ ተደምረው የፈጁት ጊዜ ነው። አንዱ ዓመት ከሌላው ያን ያህል አይረዝምም። «ለረጃጅም ዓመታት» የሚለው ጆሮን ቆርቆር የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ዓመት ተጎትቶ አልገፋ እንዳለ ያስመስለዋል። ያንን ስሜት ፈልጎ ለሚጽፍ ገጣሚ ያምርበት ይሆናል። ለሪፖርት ግን አይሆንም።

ስለዚህ «ትልልቅ ሕንፃዎች» የሚለውን እርማት ይቀበሉ። «ለረጅም ዓመታት» የሚለውን ግን መጀመሪያ እንደጻፉት ይመልሱት።